ሁሉም 1780 የሚሉ ጠገራዎች

ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የወረደ ሰው ባቲ ይደርሳል። በባቲ የሰኞ ገበያ ደገኛው እህሉን፣ ቆለኛው ግመሉንና ፍየሉን እያመጣ ሲገበያይ ኖሯል። በዚያ ሁሉ ዘመን የታመነው ገንዘብ ጠገራ ብር፣ ማለትም የማርትሬዛ ብር ነበር። ዛሬ ጠገራ ዕቃ አይገዛበትም፤ በወሎ ሴቶች አንገትና በሣጥን ውስጥ ግን አልጠፋም። እኛ የታሪክ ተማሪዎች እንደ ሰነድ ልናነበው ይገባል እንላለን።

ታዲያ ይህ ሰነድ ዕድሜውን ይደብቃል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በስሟ የተመታው ብር ሁሉ 1780 የሚል ነው። በ1840ዎቹ ቬኒስ የተመታውም፣ በ1936 ለንደን የተመታውም ቀኑ አንድ ነው። ስለዚህ «መቼ ተመታ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «የት ተመታ?» ማለት አለብን። የጥንት ሮማውያንን የብር ገንዘብ የሚያጠኑ ሊቃውንትም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ በ193 የነገሠውን የሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስን ዲናር ሮም የተመታውን ከምሥራቁ የሚለዩት በመልኩ አቀራረጽና በፊደሉ አጣጣል ነው።

የጠገራውም መለያ ይኸው ነው። በትከሻዋ ያለው ጌጥ ዕንቁዎች፣ የባለሁለት ራሱ ንስር የጅራት ላባ አደራደር፣ የፊደሎቹ ውፍረት፣ የጠርዙ ጽሕፈት ከመቺ ቤት መቺ ቤት ይለያያሉ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከምስሏ ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉት ሁለት ፊደላት የጉንትስቡርግ መቺ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው። ኋላ ግን ሌሎቹም ቤቶች ገልብጠዋቸዋልና ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። የእኛ ገበያተኛ ዕንቁው ካልጎላ ብሩን አልቀበልም ይል ነበር። ይህን ዕውቀት ከማንም ፕሮፌሰር አልተማረውም።

የምኒልክ ብርም እንደዚሁ ነው። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ የተመታው «ኤ» የምትባለውን የፓሪስ ፊደል ይዟል፤ አንበሳውም የግራ እግሩን ያነሣል። በ1892ቱ ላይ ግን ያነሣው ቀኙን ነው።

«ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ የጠገራውን መምቻ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። ወረቀት ገንዘብ የማያምን ሕዝብ ሀገር ሊወር ነውና ጠገራ አስፈለገው፤ በቅሎውም፣ ስንቁም፣ የሰው ልብም የሚገዛበት እርሱ ነበር። እንግዲህ በአንድ ሣጥን ካሉት ሁለት ጠገራዎች አንዱ አያታችን ጤፍ ሸጠው ያገኙት፣ ሁለተኛው ወራሪ የበተነው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 1780 ይላሉ። የሚለያቸው የመምቻው ምልክት ብቻ ነው።

አንጥረኛው ጠገራውን ሲያቀልጠው 23 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ያገኛል። ዕንቁው፣ ላባውና ጠርዙ ግን እሳት ውስጥ ይቀራሉ፤ አምባርና መስቀል የሆነ ጠገራ የት እንደተመታ አይናገርም። እናቶቻችን ጌጣቸውን በፈለጉት መልክ ማሠራት መብታቸው ነው። እኛ ግን ለዕረፍት ሀገር ቤት ስንገባ፣ ከመቅለጡ በፊት አስፈቅደን እንመዝነው፣ ሁለቱን ፊትና ጠርዙን በወረቀት እንሣለው፣ ከማን እጅ እንደመጣም እንጠይቅ። ሚዛን፣ እርሳስና ትሕትና ይበቃል።