ገና በሜዳ፣ ገና በሳሎን

የእኛ ገና የሚውለው በጋ ላይ ነው። በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ይሆናል። እህሉ ታጭዶ ወደ አውድማ ሲሄድ ማሳው ለከብቱና ለልጁ ይለቀቃል፤ ልጅ ከሰብሉ ውጣ ሳይባል እንደ ልቡ የሚሮጥበት ጊዜ ይኸው ነው። የገና ጨዋታ የደገኛው ልጅ ጨዋታ ሆኖ የቆየው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ትውፊቱ ጨዋታውን ለቤተልሔም እረኞች ይሰጣቸዋል፤ የጌታን መወለድ የሰሙ ጊዜ በደስታ በያዙት በትር ሩር የምትባለውን ኳስ መቱ ይባላል። የአገራችን እረኞችም ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ከገባ በኋላ ከብት እየጠበቁ ጫፉ የቆለመመ ቅርንጫፍ ሲያማርጡ ይሰነብታሉ። ቆልማማው ከተገኘ ይላጣል፤ ካልተገኘ እርጥቡ እንጨት በእሳት እየተለበለበ ይጎብጣል። ሩሯ ከእንጨት ትጠረባለች፣ አለዚያም ከጠፍር ትጎነጎናለች። ለትንንሾቹ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርላቸዋል።

የበዓሉ ዕለት ተቀድሶ፣ ተፈስኮ፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ይወጣል። ሁለት የቡድን አባቶች ተጫዋች ይከፋፈላሉ። በጥንቱ አጨዋወት የሰው ብዛት አይገደብም፤ መንደር ከመንደር ይገጥማል፣ ሩሯን ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ ያሸንፋል፣ የተሸነፈውም በግጥም ይሰደባል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የማዕረግ ነገር ነው። ለዚያች ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ናቸው፤ ጌታው ቁርጭምጭሚቱን ቢመታ እንኳ አይቆጣም። ሕፃን ልጅ የሚፈራቸው ትልልቅ ሰዎች ሲሮጡ፣ ሲወድቁ፣ ተነስተው ሲስቁ ያያል። ከዚህ የበለጠ የበዓል ስጦታ አላውቅም።

የሳሎኑ ገና ታሪኩ ሌላ ነው። ያጌጠው ዛፍ የጀርመኖች ልማድ ነበር፤ በ1848 እ.ኤ.አ. ንግሥት ቪክቶሪያና ጀርመናዊው ባለቤቷ አልበርት ከልጆቻቸው ጋር ዛፍ ከበው የሚያሳይ ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ከወጣ ወዲህ በእንግሊዝና በአሜሪካ ይበልጥ ተስፋፋ። አዲስ አበባም ደርሶ ጥዱ ላይ በበረዶ ፈንታ ጥጥ ተደረገ። ልጆች መብራቱን ይወዱታል፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ዛፍ ይታያል እንጂ አያስሮጥም።

ሜዳው በበኩሉ እየጠበበ ነው። የገና ጨዋታ ዛሬ ደንብ ወጥቶለት በባህል ስፖርት ውድድሮች ይካሄዳል፤ ይህ ደግ ሥራ ነው። ሆኖም ውድድሩ የአዋቂዎች ነው፤ የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ተመልካች ሆኖ ቀርቷል።

ሮም በ1582 እ.ኤ.አ. የቀን መቁጠሪያዋን ስላረመች፣ ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሚያድገው ልጃችን ዛሬ በ13 ቀን ልዩነት ሁለት ገና ያከብራል። በመጀመሪያው ዛፉን ካየ በሁለተኛው ዱላውን ይያዝ። ውጭው በረዶ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይበቃል።

ወላጆች ሆይ፣ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የጨርቅ ሩር፣ ቀለል ያለ ቆልማማ ዱላ፣ ዱላው ከጉልበት በላይ እንዳይነሳ የሚል አንድ ሕግ። ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28፣ ምሳ እንደተበላ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ እናንተም አብራችሁ ተጫወቱ።