የአንድ ሰው ፊት፤ ልብ ወለድ፣ ገለጻና የስደት ብዕር

በተማሪው እንቅስቃሴ ዘመን ከተጻፈው ሁሉ የላቀውን ስፍራ የያዙት ግጥምና የፖለቲካ ትንተና መሆናቸው የታወቀ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ግጥም በአንድ ምሽት ተነቦ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያነሣሣል፤ በራሪ ወረቀት በጉያ ተሸሽጎ ድንበር ይሻገራል፤ ልብ ወለድ ግን ረጅም ጊዜን፣ ማተሚያ ቤትንና የሳንሱር ሹምን ፈቃድ ይጠይቃል። ውጤቱም «ሰፊው ሕዝብ» እና «ጭቁኑ ገበሬ» የሚሉት ቃላት በየገጹ ሲመላለሱ፣ አንድ ገበሬ በአንድ ማለዳ ምን እንደ ለበሰ፣ ማንን እንደ ፈራ፣ ማንን እንደ ናፈቀ የሚነግረን ጽሑፍ ጥቂት መሆኑ ነው። ሥዕላዊ ገለጻና የስሜት ጥልቀት ለአንድ ዘመን ታሪክ ጌጥ ናቸው ወይስ ማስረጃ? እኛ ማስረጃ ናቸው እንላለን፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል።

የአማርኛ ልብ ወለድ የተወለደው በባዕድ ምድር ነው። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ ሳሉ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1908) በሮም አሳተሙ፤ የድርሰቱ ዓይነትም ስሙን ከዚሁ አርእስት ወረሰ። ታሪኩ በጦርነት ስለ ተማረከ አንድ የጦር አለቃና ስለ መንታ ልጆቹ ሲሆን፣ ሴቲቱ ልጅ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። ሰዎቹ ከሰው በላይ ውቦችና ደጎች ናቸው፤ ፍጻሜውም የሃይማኖት ድል ነው። ቢሆንም ማንነቷን የሸሸገች ልጃገረድ የምትሸከመው ሥጋት ከዜና መዋዕልና ከገድል የተለየ አዲስ ነገር ነበር። ንጉሥም ቅዱስም ያልሆነ ሰው ልብ በአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ሊመረመር ጀመረ።

በዚያው ዘመን፣ ዛሬ ብዙዎቻችን በምንኖርበት በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ዳርቻ፣ ሌላ ደራሲ በተመሳሳይ ጥያቄ ተጠምዶ ነበር። በኦክላንድ ያደገውና በልጅነቱ በቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ የሠራው ጃክ ለንደን፣ እ.ኤ.አ. በ1901 እና በ1905 በሶሻሊስቶች ወገን ለኦክላንድ ከንቲባነት ተወዳድሮ ተሸንፏል። የፖለቲካ መጣጥፎችንም ጽፏል። ይሁን እንጂ የመደብን ልዩነት በጉልህ ያሳየበት እ.ኤ.አ. በ1909 የታተመው «ማርቲን ኢደን» የተሰኘው ልብ ወለዱ ነው። መጽሐፉ ሲከፈት አንድ መርከበኛ ወደ ባለጠጎች ቤት ይገባል፤ ሰፊው ትከሻው ከበሩ ጋር እንዳይጋጭ፣ እጁም የተደረደሩትን ጌጣጌጦች እንዳይጥል ይጨነቃል። ደራሲው ስለ መደብ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ቤቱ ለማን እንደ ተሠራና ለማን እንዳልተሠራ ከዚያ ትከሻ እንረዳለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥ ከፓሪስ ትምህርቱ የተመለሰውን አወቀን ከወገኖቹ ልማድ ጋር ያጋጥሙታል። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት በገዛ አገሩ እንግዳ መሆኑ በአማርኛ ልብ ወለድ ገና በማለዳው ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። ገለጻው ሙሉ ጉልበቱን ያገኘው ግን በ1958 ዓ.ም. በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ስለ ፊውዳላዊ ሥርዓት ብዙ ትንተና ተጽፏል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ አማጮችን ሲመልሱ፣ ሰብለ ወንጌልም ዕድሜዋ እያለፈ በአባቷ ቤት ስትቀመጥ ማየት ግን የባላባትን ትዕቢት ከማንኛውም ፍቺ ይልቅ ግልጽ ያደርገዋል። ያ ትዕቢት በቅድሚያ የገዛ ልጁን እንደሚበላ አንባቢው የሚያውቀው አብሯት ስለሚጠብቅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከውም ፊደል ያልቆጠረው ሰው ጭምር የዚህ ዕውቀት ተካፋይ ሆነ።

ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» ጉዳዩን ወደ እኛ አቀረበው። ዋናው ገፀ ባሕርይ የተማረ፣ ብዙ የሚያውቅና ከሁሉ በላይ ብዙ የሚናገር ወጣት ነው፤ ዙሪያውን የከበቡት ሰዎች ግን የየራሳቸው ቋንቋ፣ እምነትና ሐዘን አላቸው። ንድፈ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው የሰውን ልብ ላያውቅ እንደሚችል መጽሐፉ ያለ ስብከት ያሳያል። ዳኛቸው በኋላ በ1977 ዓ.ም. «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን ማዘጋጀቱም የድርሰት ጥበብ በትምህርትና በልፋት የሚገኝ መሆኑን ማመኑን ያስረዳል።

የገለጻ ዋጋ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ያሳየን በዓሉ ግርማ ነው። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ ለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ መንግሥቱ የራሱ መግለጫና መፈክር ነበረው፤ በዓሉም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን እንደ መሆኑ ያንን ቋንቋ አሳምሮ ያውቀው ነበር። በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ግን አስመራን ከነፍቅሯ፣ ከነጥርጣሬዋና ከነፍርሃቷ አቀረባት፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬና ፊያሜታ በመግለጫ ውስጥ ሊገኙ የማይችሉ ሰዎች ናቸው። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ደርግ መፈክርን በመፈክር መመለስ ይችል ነበር፤ ለአንዲት ከተማ እውነተኛ ሥዕል ግን መልስ አልነበረውም።

እንዲህ ያለ ሥዕል ከምን ይገኛል? ከስሜት ግንፋሎት ብቻ እንደማይገኝ ከሳን ሆዜ አቅራቢያ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ያስተምረናል። ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1936 ለአንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ስለ ተፈናቃይ የእርሻ ሠራተኞች ተከታታይ ዘገባ ጻፈ፤ ሰፈሮቻቸውን ተመለከተ፤ የአንድ መንግሥታዊ መጠለያ ኃላፊ የመዘገበውንም አነበበ። እ.ኤ.አ. በ1939 የታተመውን «የቁጣ ወይን ፍሬዎች» በሎስ ጋቶስ ተቀምጦ የጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድሞ ምርመራ ነበረ፤ ርኅራኄው በምርመራው ላይ ቆመ።

በስሙ የሚጠራውን የሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የደራስያን ድጋፍ ካገኙት አንዷ አዲስ አበባ የተወለደችው ሜሮን ሃደሮ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 የኬን ሽልማትን ያስገኘላት አጭር ልብ ወለድ፣ ጌቱ የተባለ የአዲስ አበባ መንገድ ጠራጊ ወደ ሸራተን ግብዣ ሲሄድ ያሳያል። የማርቲን ኢደን ትከሻ ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ በር ሲገባ የምናይ ይመስላል። ይህ ሥራ ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

በአማርኛ ገና ያልተጻፈው ብዙ ነው። በሳን ሆዜ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ወደ ቀን ሥራዋ የምትሄድ አስታማሚ፣ በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ምግብ ቤት ውስጥ በአንድ ወቅት በጠላትነት ከተፈላለገው ሰው ጋር ከአንድ ትሪ የሚበላ አዛውንት፣ ልጁ በምትመልስለት እንግሊዝኛ ውስጥ የገዛ ቤቱን ቋንቋ የሚፈልግ አባት፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬ በሕይወት አሉ። የሞቱትም በስም ዝርዝር ብቻ እንዲቀሩ መፍቀድ የለብንም። ቀይ ሽብር የበላው ወጣት የየትኛው ድርጅት አባል እንደ ነበር ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ እንዴት ይስቅ እንደ ነበር፣ እናቱ የሸሸገችለት ጫማ ምን ዓይነት እንደ ነበር የሚያውቁት ሰዎች ግን እያረጁ ነው።

ስለዚህ የትንተናን ብዕር እንጣል አንልም፤ ሌላ ብዕር እንጨምር እንላለን። የምናውቀውን ሰው ቀርበን እንጠይቅ፤ የነገረንን በራሱ አነጋገር እንመዝግብ፤ ቤቱን፣ ልብሱን፣ ዝምታውን ሳናስጌጥ እንግለጽ። ስሙን ለመጠበቅ ልብ ወለድ ይበጀናል፤ ፊቱን ግን አንለውጥ። ነገ የዚህን ስደት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከውሳኔዎቻችን ጎን ይህንንም ማስረጃ ሊያገኝ ይገባዋል።