ፒላቴስ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ሁሉ ስሙ “ሃይላንድ” ነው። ውሃውን ያሸገው ፋብሪካ የትኛውም ይሁን፣ ጠርሙሱ ባዶም ይሁን ባለሱቋ ዘይት ቀንሳ ትሽጥበት፣ ሃይላንድ ከመባል አይድንም። ስም አንድ ጊዜ ከባለቤቱ እጅ አምልጦ ወደ መንገድ ከወጣ በፖሊስ እንኳ አይመለስም። “ፒላቴስ” የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ዛሬ ከኒው ዮርክ እስከ ዱባይ፣ ከዱባይ እስከ ቦሌ በየፎቁ መስታወት ላይ ተለጥፎ የምናየው ይህ ቃል የአንድ ጀርመናዊ የቤተሰብ ስም ነበር። ሰውየው ሲጋር የሚያጨስ፣ ቁጡ፣ በበረዶ መሐል በቁምጣ ብቻ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት የሚወድ ቦክሰኛ ነበር ብል አንባቢ ላያምነኝ ይችላል።

እኔ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በወገቤ በኩል ነው። ለመጽሔትና ለጋዜጣ በገጽ እየተከፈለኝ የምጽፍ ሰው ነኝና ሥራዬ መቀመጥ ነው። ዓመታት ተቀምጬ ሳበቃ ወገቤ እንቢ አለ። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ካየ በኋላ “አጥንትሽ ደኅና ነው፤ ጡንቻሽ ነው የተኛው” አለኝና ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ መክሮ ሸኘኝ። አንዲት ጓደኛዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ስቱዲዮ ይዛኝ ሄደች። የወር ክፍያውን ስሰማ በልቤ ወደ መጣጥፍ መነዘርኩት። አንድ ከግማሽ መጣጥፍ መጣ። ያን ያህል ከከፈልኩ ደግሞ የገዛሁት ነገር ከየት እንደ መጣ ማወቅ አለብኝ ብዬ ንባቡን ጀመርኩ። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሴፍ ሁበርተስ ፒላቴስ በዲሴምበር 9 ቀን 1883 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ በምትገኘው በሞንሸንግላድባኽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ብረት ሠራተኛና የጂምናስቲክ ሰው ነበር። ጀርመን በዚያ ዘመን የጂምናስቲክ አገር ናት፤ ፍሪድሪኽ ሉድቪኽ ያን የተባለው መምህር በ1811 በርሊን ዳር ሐዘንሃይደ ላይ የመጀመሪያውን የስፖርት ሜዳ ከከፈተ ወዲህ በየከተማው ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ልጁ ግን ለማኅበር የሚበቃ አልነበረም። ኋላ ራሱ እንደሚተርከው አስም፣ አጥንት የሚያጎብጠው ሪኬትስ እና የቁርጥማት ትኩሳት ተፈራርቀውበታል። በዚህ ላይ ስሙ ነበረ። የሰፈር ልጆች ፒላቴስን ከጲላጦስ ጋር እያመሳሰሉ “ክርስቶስን የገደልክ!” እያሉ ያበሽቁት እንደ ነበር ይነገራል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ልጁ እኛ ዘንድ ተወልዶ ቢሆን ስድቡ ባልሠራ ነበር፤ ጲላጦስ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት አምኖ የሞተ ተብሎ ከቅዱሳን ጋር የሚታሰብ ሰው ነውና።

በሽተኛው ልጅ ራሱን በራሱ አሠራ። ጂምናስቲኩንም፣ ቦክሱንም፣ ክብደት ማንሣቱንም ሞከረ። ጦርነቱ ከመፈንዳቱ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ እዚያም በቦክስና በሰርከስ እንጀራውን ይጋግር ነበር ይባላል። በ1914 እንግሊዝና ጀርመን ሲዋጉ ግን ከጠላት ወገን ነው ተብሎ ተያዘ። ወንጀሉ ፓስፖርቱ ነበር።

የታሰረበት ቦታ በአይሪሽ ባሕር መሐል ባለችው የማን ደሴት፣ ፒል ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የኖካሎ ሰፈር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። ኖካሎ እስር ቤት ስንል እንደምናስበው የድንጋይ ግንብ አልነበረም፤ በእርሻ መሬት ላይ የተተከለ የእንጨት ጎጆዎች ከተማ ነው። በእሾሃማ ሽቦ ተከፋፍሎ፣ በአንድ ወቅት ከ20,000 በላይ ወንዶችን ይዞ ነበር። ከእነዚህ የሚበዙት ወታደሮች አልነበሩም። የለንደን ፀጉር አስተካካዮች፣ የሆቴል አስተናጋጆች፣ መርከበኞች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም እንግሊዛዊት አግብተው የወለዱ። የሚበሉት እያነሰ ሄደ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ቅጣቱ ቀኑን የሚሞላ ነገር ማጣት ነበር። አዶልፍ ሉካስ ፊሸር የተባለ ስዊስ ሐኪም በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎችን ተመልክቶ በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ ለሁኔታቸው “የሽቦ አጥር በሽታ” የሚል ስም ሰጠው። በሽተኛው በትንሽ ነገር ይበሳጫል፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ይሳነዋል፤ የሚያስታውሰው ይጠፋበታል፤ ከሽቦው ጋር ትይዩ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይውላል። የመፈቻው ቀን የማይታወቅ እስራት የሚወልደው በሽታ ነው። ይህን ለመረዳት የአገራችን ሰው ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ፒላቴስ ከ1915 እስከ 1919 እዚህ ኖረ። ዘዴውን የፈለሰፈው እዚሁ እንደሆነ ነበር የሚናገረው። የሚተረከው ታሪክ ሦስት ነው። አንደኛው፣ በሰፈሩ ሆስፒታል ሲረዳ ከአልጋ መነሣት ላልቻሉ በሽተኞች የአልጋ ሞላ ፈትቶ ከራስጌና ከግርጌ እያሰረ ተኝተው እንዲሠሩ አደረገ የሚል ነው። ሁለተኛው የድመቶቹ ነው፤ የሚበሉት ያጡ የሰፈሩ ድመቶች እንደ ሰዎቹ ሳይልፈሰፈሱ ሲዘሉና ሲንጠራሩ አይቶ ምስጢሩ መንጠራራቱ ነው አለ። ይህን በ1962 ስፖርትስ ኢላስትሬትድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አትሞታል። ሦስተኛው በ1918 ዓለምን ያጠቃው ኢንፍሉዌንዛ፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው የተረፉበት ወረርሽኝ ሲመጣ፣ ከእሱ ተማሪዎች አንድም አልሞተም የሚለው ነው።

ሦስተኛውን አላምነውም። እንዲህ ያለ ወሬ የማይወራለት መሥራች የለም። ስለ ሞላው ደግሞ የምናውቀው ከራሱ አንደበትና ከተማሪዎቹ ብቻ ነው። ድመቶቹን ግን ወድጃቸዋለሁ፤ ድመት ያላየ ሰው እንደዚያ ያሉ እንቅስቃሴዎችን አያስብም። ታሪኩ ሁሉ ቢራገፍ እንኳ የሚቀር አንድ ነገር አለ፦ ሰውየው አራት ዓመት ገደማ በጠባብ ቦታ፣ ያለ ሜዳና ያለ መሣሪያ፣ አካላቸው ከሚዝል ሰዎች ጋር ኖሯል። ከዚያ የወጣው ዘዴ ደግሞ ከአንድ ምንጣፍ የሚበልጥ ቦታ አይጠይቅም።

ከጦርነቱ በኋላ ጥቂት ዓመታት በጀርመን ቆይቶ በ1926 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከክላራ ጋር፣ በሕይወቱም በሥራውም አጋሩ ከሆነችው ሴት ጋር፣ ኒው ዮርክ ስምንተኛ አቬኑ ቁጥር 939 ላይ ስቱዲዮ ከፈተ። በ1927 የፈጠራ ባለቤትነት መብት የተሰጠው መሣሪያው ዛሬ ሪፎርመር ከሚባለው ጋር ዘመድ ነው፤ በሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት አልጋ፣ በስሩ ሞላ፣ በራስጌው ገመድ። የኛ ስቱዲዮ ሁለት አለው። መጀመሪያ ሳየው ሰው የሚዘረጋበት የጥንት የማሠቃያ ዕቃ መስሎኝ ነበር፤ ተኝቼበት ስነሣም ያን ያህል አልተራራቅንም።

ኒው ዮርክ ላይ ዕድሉን የከፈቱለት ዳንሰኞች ናቸው። በአካባቢው የዳንስ ስቱዲዮዎች ነበሩና ጉልበቱ የተጎዳ፣ ወገቡ የተቀጨ ዳንሰኛ ሁሉ ወደ “ጆ አጎት” ይላክ ጀመር። ጆርጅ ባላንሺንና ማርታ ግራሃም ከሚያውቁትና ዳንሰኞቻቸውን ከሚልኩለት መካከል ነበሩ። እሱ ግን ዘዴውን በስሙ አልጠራውም፤ “ኮንትሮሎጂ” ነበር የሚለው፤ አካልን በአእምሮ የመግዛት ጥበብ እንደ ማለት። በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ 34 የምንጣፍ እንቅስቃሴዎችን ከነፎቶግራፋቸው አስቀምጧል። ፎቶግራፎቹ ላይ ያለው ራሱ ነው፤ ስድሳ ዓመት አልፎት፣ ሆዱ እንደ ሰሌዳ።

ከ34ቱ የመጀመሪያው “መቶው” ይባላል። ሰምቶ ቀላል የሚመስለው ሰው ይሞክረው። በጀርባ ትተኛላችሁ፤ ራስና ትከሻ ከመሬት ይነሣል፤ እግር ተዘርግቶ ከፍ ይላል፤ እጅ ደግሞ ከጎን ውሃ እንደሚመታ ሰው ወደላይ ወደታች ይላል። አምስት ምት ትንፋሽ ማስገባት፣ አምስት ምት ማስወጣት፤ ይህ አሥር ጊዜ። መቶ። የመጀመሪያ ቀን ሠላሳ ላይ አንገቴ ተንቀጠቀጠ። አሠልጣኟ “እኅቴ፣ አንገትሽን አትወጥሪ፤ ከሆድሽ ነው” አለችኝ። ከጎኔ ስድሳ ዓመት የዘለሉ ወይዘሮ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከምንጣፉ ራስጌ አስቀምጠው ይሠራሉ።

“ኧረ ልጄ፣ ይኼ ከስግደት በምን ይለያል?” አሉ።

“ማዘር፣ ስግደት ላይ ትንፋሽ አይቆጠርማ!”

“አንቺ አትቆጥሪ ይሆናላ።”

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ መቶውም እዚያው ተቋረጠ።

“ከሆድሽ ነው” የሚለው ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ በስተውስጥ ያለው አንዱ ከጎን ወደ ጎን እንደ መቀነት ከብቦ ይይዘናል። ሰው በኃይል ሲተነፍስ፣ ሲያስልና ሲስቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ፒላቴስ ትንፋሽን እስከ መጨረሻው አስወጡ እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነበር፤ አየሩ ተሟጥጦ ሲወጣ ውስጠኛው መቀነት በራሱ ይታጠቃል። የአያቶቻችንን መቀነት አስታወሰኝ፤ ክንዶች የሚረዝም ጥጥ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ማገዶና እንስራ የሚሸከሙትን። እኛ መቀነቱን ፈታን፤ የውስጡንም አስተኛን።

ታዲያ ያድናል ወይ? ኮክሬን የተባለው የሕክምና መረጃ መርማሪ ተቋም በ2015 ስለ ወገብ ሕመም የተደረጉ 10 ጥናቶችን፣ 510 ሰዎች የተሳተፉባቸውን፣ ሰብስቦ መርምሯል። ምንም ወይም እጅግ ጥቂት ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ፒላቴስ የሠሩት እንደሚሻላቸው፣ ከሌላ የአካል እንቅስቃሴ ግን እንደሚበልጥ የሚያስረግጥ ማስረጃ እንደሌለ ጽፏል። ይህ ለማስታወቂያ የማይመች መልስ ነው። እኔ ዛሬ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ያኔ ግማሽ ሰዓት ያቅተኝ ነበር። በየቀኑ ለሚራመድና ለሚዋኝ ሰውም ይኸው ይደርስለት ይሆናል። ምንጣፉን የመረጥኩት የሚያቆየኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ፒላቴስ ሕክምናው ዓለም እሱ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ እንደሚዘገይ እየተናገረ፣ የሚገባውን ክብር ሳያይ፣ በኦክቶበር 9 ቀን 1967 በ83 ዓመቱ ሞተ። ትንፋሽን ለሰው ሁሉ ሲያስተምር የኖረውን ሰው የጣለው የሳንባ በሽታ፣ ኤምፊዚማ፣ ነው። ሲጋሩን ጠቅሻለሁ።

ኑዛዜ አልተወም፤ ተተኪም አልሰየመም። ክላራ እስከቻለች ድረስ ስቱዲዮውን አስኬደችው፤ በ1977 ሞተች። ዘዴው የቀረው በተማሪዎቹ ገላ ውስጥ ነው። ሮማና ክሪዛኖውስካ የኒው ዮርኩን ስቱዲዮ ያዘች። ሮን ፍሌቸር ወደ ካሊፎርኒያ ወስዶ ለሆሊዉድ ሰዎች አስተማረው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ካቲ ግራንት በጉልበቷ ጉዳት መጥታ መምህርት ሆና ቀረች። እያንዳንዳቸው “ጆ ያስተማረኝ እንዲህ ነው” ይላሉ፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ይህም አይገርምም፤ ለአንዱ ጉልበት ያዘዘውን ለሌላው ወገብ አላዘዘማ።

ከዚያ ነገሩ ገንዘብ ሆነ። “ፒላቴስ” የሚለው ቃል በንግድ ምልክትነት ተመዝግቦ ስለነበር፣ በ1992 ምልክቱን የገዛ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያለ ፈቃዱ ቃሉን የሚለጥፍ ስቱዲዮን ሁሉ በጠበቃ ያሳድድ ጀመር። ማሠልጠኛ መጽሐፍ የሠሩ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰዎች ሥራቸውን በስሙ መጥራት ተከለከሉ። ክርክሩ እስከ ኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ። በኦክቶበር 2000 ዳኛ ሚርያም ሴዳርባውም ፈረዱ፦ ፒላቴስ እንደ ዮጋ፣ እንደ ካራቴ የአንድ የአሠራር ዓይነት መጠሪያ ነውና ማንም ብቻውን ሊይዘው አይችልም። የንግድ ምልክቱ ተሰረዘ። በየአገሩ ስቱዲዮው እንደ አሸን የፈላው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፍርዱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ስሙ ነፃ ሲወጣ ጠባቂም አጣ፤ ሦስት ቅዳሜ የሠለጠነም፣ ሦስት ዓመት የደከመም ያንኑ ቃል መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። የሰው አከርካሪ ደግሞ ለሦስት ቅዳሜ እጅ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ አዲስ ደብር ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው “መምህርህ ማነው?” ተብሎ ነው። አንድ ቀን ሁሉም ከሄዱ በኋላ አሠልጣኛችንን ይህንኑ ጠየቅኳት።

ዱባይ ሆቴል ውስጥ ስትሠራ መማሯን ነገረችኝ፤ ሁለት ዓመት፣ ከሥራ ሰዓቷ ውጪ፣ ከደመወዟ እየቆረጠች። መምህርቷ ከለንደን የመጣች ሴት ነበረች። የለንደኗን ያስተማራት ኒው ዮርክ የነበረ ዳንሰኛ ነው።

“እሱንስ ማን አስተማረው?” አልኳት።

ምንጣፎቹን እየጠቀለለች ትንሽ አሰበች። “አንዲት አሮጊት ነበረች ይላሉ፤ ስሟን አላውቀውም። ብቻ ስታስተምር አትናገርም ነበር አሉ፤ በእጇ ነበር የምታሳየው።”