አውቶካድ ከጠረጴዛ ወደ ብራውዘር የተጓዘበት መንገድ

አውቶካድን በስም እንኳ የማያውቅ መሐንዲስ ማግኘት ያስቸግራል። ኦቶዴስክ ይህን የንድፍ ፕሮግራም ለገበያ ያቀረበው በ1982 መጨረሻ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዚያ ወዲህ በየኮምፒዩተሩ እየተጫነ ሲሠራበት ኖሯል። የፕሮግራሙ ልብ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ብራውዘር ግን በተፈጥሮው የሚሰማው ጃቫስክሪፕትን ብቻ ስለነበር፣ በዓመታት ድካም የተከማቸው ይህ ሀብት ከደጅ ቀርቶ ነበር።

በመሆኑም ከባድ ፕሮግራም ወደ ብራውዘር ለማስገባት የሻ ሁሉ በመጀመሪያ የፈለገው የጎን በር ነው። በ1995 ብቅ ያለው የጃቫ አፕሌትም ሆነ ኋላ የገነነው ፍላሽ በብራውዘሩ ላይ የሚጫን ተቀጥላ ያስፈልጋቸው ነበር። ኦቶዴስክም በ2010 አውቶካድ ደብልዩ ኤስ የተባለውን የድር ሥራ ያወጣው ፍላሽን ተደግፎ ነው። ይሁን እንጂ ተቀጥላዎቹ የጠላፊዎች መግቢያ እየሆኑ በመምጣታቸው ክሮም በ2015፣ ፋየርፎክስም በ2017 ለጃቫ አፕሌት በሩን ዘጉ፤ የፍላሽም ድጋፍ በ2020 ማብቂያ ተቋረጠ። ምንም ጉድለት ያልተገኘበት ፕሮግራም፣ ሌላው ወገን በሩን ስለዘጋ ብቻ ከሥራ ውጭ ሲሆን ማየት ለሠራው ባለሙያ እጅግ መራራ ነው።

ሌላው መንገድ በወቅቱ ለብዙዎች ቀልድ ሳይመስል አልቀረም። የሞዚላው አሎን ዛካይ ኤምስክሪፕተን በተባለው መሣሪያ የሲ ፕላስ ፕላስን ፕሮግራም ወደ ጃቫስክሪፕት መለወጥ ጀመረ። በ2013 ደግሞ አስም ጄ ኤስ የተባለው የጃቫስክሪፕት ጠባብ ክፍል ታወጀ፤ በእርሱ የተጻፈውን ብራውዘሩ አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ሊለውጠው ይችል ነበር። ከዚህ ልምድ የተወለደው ዌብ አሴምብሊ በ2015 ይፋ ሆኖ በ2017 በአራቱ ታላላቅ ብራውዘሮች ውስጥ ገባ።

የዌብ አሴምብሊ አሠራር ከተቀጥላው በእጅጉ ይለያል። ኮዱ እንደ ጽሑፍ ሳይሆን በታመቁ ባይቶች ይላካል፤ ብራውዘሩም ከማስኬዱ በፊት ይመረምረዋል። በተከለለለት የማስታወሻ ክፍል ውስጥ ብቻ ስለሚሠራ፣ ብራውዘሩ ካልፈቀደለት የተጠቃሚውን ፋይል ሊነካ አይችልም። ድረ ገጹን በቀጥታ መለወጥ ስለማይችልም ለዚህ የጃቫስክሪፕት እጅ ያስፈልገዋል።

በ2018 ኦቶዴስክ የቆየውን የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ በዚህ መንገድ አሳልፎ አውቶካድን ለብራውዘር አቀረበ። ምናሌዎቹና አዝራሮቹ አዲስ ተሠሩ፤ መስመሩን የሚያሰላውና ስዕሉን የሚያነበው ልብ ግን የቀድሞው ነው። የጠረጴዛው አውቶካድ ያለው ሁሉ አልተላለፈም፤ ቢሆንም ንድፉን ለመክፈትና ለማረም ምንም መጫን አላስፈለገም። በዲሴምበር 2019 ደግሞ የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ ዌብ አሴምብሊን ከኤች ቲ ኤም ኤል፣ ከሲ ኤስ ኤስና ከጃቫስክሪፕት ቀጥሎ አራተኛው የድር ቋንቋ አድርጎ አጸደቀው።