ጠይም ፊትና ነጭ ጋቢ

በአገራችን የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ጥበብ ዋናው ክፍል የተሠራው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ለማየት በገበያ ቀን አዊ ውስጥ ባለችው ግምጃ ቤት ከተማ መቆም ይበቃል፦ ጠይም ፊት፣ ነጭ ጋቢ፣ የደጋ ፀሐይ። ብርሃኑን ለፊቱ የለካ ሰው ጋቢው ይነድበታል፤ ለጋቢው የለካ ዓይንና ጉንጩን ያጣል። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ፎቶ አጣቢው ነው።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የወጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር የራሱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። ሥራቸው ግን ከጦሩ ጋር ተመለሰ። ሙያው እዚህ ሥር የሰደደው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሲሆን ነው። ከእሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሥራውን ወረሱ። የእነዚህን ሰዎች ሥራ ሳይ ቀድሜ የምፈልገው የዘውዱን ጌጥ አይደለም፤ የሸማውን እጥፋት ነው። እጥፋቱ ከታየ፣ ፊቱም ካልጨለመ፣ ያጠበው ሰው እጅ አለበት።

የእኔ ካሜራ ዜኒት ኢ ነው፤ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ይሠራ የነበረ፣ ከባድ ብረት። ብርሃን መለኪያው በሴሌኒየም ስለሚሠራ ባትሪ አይጠይቅም፤ ባትሪ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ መዝጊያውን እስከ መጨረሻው፣ የሰከንድ 500ኛ ላይ አደርገዋለሁ።

የማጥበው ማታ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ የእህል ክፍል ውስጥ፣ በቀይ አምፖል ነው። ዲቨሎፐሩ 20 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የአዊ ሌሊት ደግሞ ብርድ ነው። ስለዚህ ሳህኑን ለብ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጣለሁ። ፊቱ 12 ሰከንድ ብርሃን ከበቃው ጋቢው 25 ሊፈልግ ይችላል። ካርቶን በስቼ በቀዳዳው ብርሃኑን ጋቢው ላይ ብቻ አወርደዋለሁ፤ ጠርዙ እንዳይታወቅ ካርቶኑን ያለማቋረጥ አወዛውዛለሁ። ወረቀቱ ዲቨሎፐር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጥቁሩ ይመጣል፤ የጋቢው ክር መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው፤ ለእሱ መታገሥ ያስፈልጋል።

ከዚያ ምስሉን የሚያጸናው ጨው፣ ሃይፖ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል ይህ ጨው የብር ውሁድን እንደሚያሟሟ በ1819 እ.ኤ.አ. ደርሶበት ነበር፤ ያለ ሃይፖ ምስሉ ብርሃን ሲያገኘው ይጠፋ ነበር። ነገር ግን ራሱም በደንብ ታጥቦ ካልወጣ ፎቶውን ያበላሸዋል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ቢጫ የሆኑት የአያቶች ጉርድ ፎቶዎች ብዙዎቹ ውሃ ያነሳቸው ናቸው።

ወረቀቱ ቢበላሽም ኔጌቲቩ ካለ እንደገና ይታተማል። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ኔጌቲቮቻቸውን ስላዳኑ ነው ሥራቸው ከዓመታት በኋላ ለንደን ላይ ለሕዝብ የታየው። እኛ ዘንድ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ኔጌቲቭ እርጥበት ያገኘው ሻጋታ ይበላዋል። ስለዚህ ፎቶ ቤት የነበራቸውን አባቶችና ልጆቻቸውን እለምናለሁ፦ የኔጌቲቩን ካርቶን አትጣሉት፤ ከምድጃው ጭስ ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ለማተም እኔ አለሁ።