ስለ እረኛ መሄድና መቅረት

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ፥ መካኒሳ ሰፈር የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1960 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተጻፈበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።) ከዚያ ተምረው የሚወጡት ወጣቶች ቅስና ተቀብለው ወደ ከተማም ወደ ገጠርም ይበተናሉ። ጥቂት ዓመት እንዳገለገሉም ብዙዎቹን አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ሕዝቡ ለምዷቸው፥ እነሱም ሕዝቡን ለምደው ሳለ፥ ሌላ ማኅበረ ምእመናን ይፈልጋቸዋል። ይሂዱ ወይስ ይቅሩ? ነገሩ የቄሶች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መምህርም፥ ሐኪምም፥ የመንግሥት ሠራተኛም የሚያገኘው ነገር ስለ ሆነ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ ያንተም ያንቺም ጥያቄ መሆኑ አይቀርም።

በሉተራውያን ዘንድ ጥሪ የሚባለው ሰው በልቡ የሚሰማው ምኞት ብቻ አይደለም። በ1530 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለካርል አምስተኛ የቀረበው የእምነት መግለጫ በ14ኛው አንቀጽ እንደሚለው፥ በሥርዓት ያልተጠራ ሰው በቤተ ክርስቲያን በአደባባይ ሊያስተምር ወይም ምሥጢራትን ሊያድል አይገባውም። እንግዲህ ቄስ ራሱን አይጠራም ማለት ነው። ራሱን ያልጠራ ደግሞ ራሱን ማሰናበት እንዴት ይችላል? ከባዱ ይህ ሁለተኛው ነው። እኔ ብዙ ዘመን በማስተማር ስኖር ከገጠር ወደ ከተማ ልዛወር ብሎ ማመልከቻ የሚጽፍ መምህር በየዓመቱ አይቻለሁ፤ ከከተማ ወደ ገጠር ልሂድ ያለ ግን በጣት የሚቈጠር ነው። በማመልከቻው ላይም ሁልጊዜ የሚጻፈው ምክንያት ሌላ ነው።

ማርቲን ሉተር ራሱ በዚህ ነገር ተፈትኗል። በ1527 በነሐሴ ወር በዊተንበርግ ከተማ ቸነፈር ገባ። መስፍኑ ዮሐንስ፥ ሉተር ከሌሎቹ መምህራን ጋር ወደ የና ከተማ እንዲሄድ አዘዘው፤ ዩኒቨርሲቲውም ወደዚያ ተዛወረ። ሉተር ግን ከከተማው ቄስ ከቡገንሃገን ጋር እዚያው ቀረ። ሚስቱ ካታሪና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቤታቸውም የሕሙማን ማረፊያ ሆነ። በዚያው ወራት በብሬስላው ከተማ የሚያገለግሉ ቄሶች፥ ክርስቲያን ከቸነፈር ሊሸሽ ይገባዋልን ብለው ለጠየቁት ጥያቄ መልስ ጽፎ አሳተመ። መልሱ ሰው እንደሚገምተው ደረቅ አይደለም። ከሞት መሸሽ የተፈጥሮ ነገር እንጂ በደል አይደለም ይላል። ሰባኪ ግን ሕዝቡ በጭንቅ ላይ ሳለ ትቶት ሊሄድ አይገባም፤ ሆኖም ለሕዝቡ የሚበቁ ሌሎች አገልጋዮች ካሉና ተመካክረው ከተስማሙ፥ አንዳንዶቹ ቢሄዱ አይነቀፉም። ልብ ብለን ካየነው፥ ሉተር የሚመዝነው የሚሄደው ሰው የሚደርስበትን ስፍራ ሳይሆን የሚቀሩት ሰዎች በማን እጅ እንደሚቀሩ ነው።

በአገራችንም ሁለቱንም ዓይነት ሰው እናገኛለን። በ1898 ከሐማሴን የተነሡት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ወለጋ ቦጂ ደረሱ። በዚያ ዘመን ይህ መንገድ በእግርና በበቅሎ ነበር፤ አገሩ ሩቅ፥ ቋንቋውም የእናታቸው ቋንቋ አልነበረም። እሳቸው ግን በሕዝቡ ቋንቋ በኦሮምኛ እያስተማሩ ኖሩ። በ1905 ቤት በእሳት ሲያያዝ ከውስጥ ሰው ለማዳን ሲጥሩ ሞቱ። እኒህ የሄዱት ናቸው።

ከዚያ ከ24 ዓመት በኋላ በዚያው በቦጂ ጉዲና ቱምሳ ተወለዱ። እኒህ ደግሞ የቀሩት ናቸው፤ ቢሆንም የቀሩት ብዙ ጊዜ ከሄዱ በኋላ ነው። በወጣትነታቸው በነቀምት ሆስፒታል የሕክምና ረዳት ነበሩ፤ ያንን ትተው ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ገቡ። በ1958 ቅስና ተቀብለው የነቀምትን ምእመናን ያገለግሉ ጀመር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ስትመሠረት እሳቸው ገና አዲስ ቄስ ነበሩ። በ1963 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ወደ ሚኔሶታ ሄደው በ1966 ተመለሱ። ሲመለሱም የተጠሩት ወደ ነቀምት ሳይሆን ወደ አዲስ አበባ ነበር፤ የመላው ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የነቀምት ሰው ቄሱን እንዲህ ባለ ጊዜ ሲያጣ ቅር ሳይለው እንዳልቀረ እገምታለሁ። ግን የጠራቸው የታወቀ ነው፥ የሚጠብቃቸውም ሥራ የታወቀ ነው፤ ሄዱ።

በዋና ጸሐፊነታቸው ዘመን ስማቸው በውጭ አገርም ታወቀ። በ1972 ቤተ ክርስቲያናቸው ጄኔቭ ለሚገኘው ለሉተራውያን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ፥ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ መንፈጋቸው የሰውን ሥጋና ነፍስ መለያየት ነው ብሎ የሚከራከር ነበር። ደብዳቤው በብዙ አገር ተነበበ። ይህን ያነሣሁት፥ ከአገር ቢወጡ ኖሮ ተቀባይና ሥራ የማያጡ ሰው መሆናቸውን ለማስታወስ ነው።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ጊዜው ከፋ። በ1977 የፌዴሬሽኑ የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በደርግ ተወረሰ። በወለጋ አገልጋዮች ይታሰሩ፥ የጸሎት ቤቶችም ይዘጉ ጀመር። ቄስ ጉዲናም ሁለት ጊዜ ተይዘው ተለቀቁ። ሦስተኛው እንደማይቀር ሁሉም ያውቅ ነበርና፥ በውጭ ያሉ ወዳጆቻቸው ከታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ከጁሊየስ ኔሬሬ ጋር ተነጋግረው ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አዘጋጁላቸው። እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያኔና ምእመናኔ እዚህ ናቸው፥ በዚህ የፈተና ሰዓት መንጋዬን እንዴት እተዋለሁ በማለት እምቢ አሉ።

ከዚህ 40 ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1939፥ ጀርመናዊው የሉተራውያን ቄስ ዲትሪኅ ቦንሆፈር ከሂትለር መንግሥት እንዲተርፍ ወዳጆቹ ወደ ኒው ዮርክ አስወጥተውት ነበር። እሱ ሄዶ አየው፤ በወሩ ተመለሰ። የሕዝቡን መከራ ሳይካፈል ከመከራው በኋላ የሚሠራውን ሥራ ሊካፈል መብት እንደማይኖረው ተሰማው። በሚያዝያ 1945 ተሰቀለ።

አንዳንድ ሰዎች፥ ቄስ ጉዲና በሕይወት ቢተርፉ ኖሮ የበለጠ ይሠሩ አልነበረምን ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሉተርም መለኪያ ቢሆን የሚከለክላቸው አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት አቶ አማኑኤል አብርሃም በአገር ውስጥ ነበሩ፥ ሌሎችም ሽማግሌዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የወጡትንም እኔ አልነቅፍም፤ ልጆቻቸውን ይዘው በሱዳን በረሃ በእግራቸው የተሻገሩትን ማን ይነቅፋል? ነገር ግን እንደሚመስለኝ ቄስ ጉዲና ያሰቡት ስለ ገጠሩ ወንጌላዊ ነበር። በወለጋ አንድ የሣር ቤት ውስጥ የሚያስተምር ወንጌላዊ በተያዘ ጊዜ ፕሬዚዳንት አይማልድለትም፥ መውጫም አይዘጋጅለትም። ዋና ጸሐፊው በሌሊት ቢሄዱ ይህ ሰው ጠዋት ምን ብሎ ያስተምራል? ደግሞም እንደ ቀድሞዎቹ ጥሪዎች የሚጠብቃቸው ምእመን በዚያ ማዶ አልነበረም፤ የሚጠብቃቸው ደኅንነት ብቻ ነበር።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ፥ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት አስተምረው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳ ጋር ሲወጡ በመኪና ተወሰዱ። ወይዘሮ ፀሐይን መንገድ ላይ አወረዷቸው፤ ቄስ ጉዲና በዚያች ሌሊት ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይ የባላቸውን መሞት እንኳ በወግ ሳይሰሙ በተከታዩ ዓመት ታሰሩ፤ ወደ 10 ዓመት ገደማም በእስር ቈዩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አስከሬኑ ተገኘና ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቀብር ሥርዓት ተፈጸመ። ወይዘሮ ፀሐይ በሕይወት ነበሩና ባላቸውን በ13ኛው ዓመት ቀበሩ።