መምህርና ደቀ መዝሙር፤ ማን ይበልጣል?

«ማን ይበልጣል?» የምትለዋ ጥያቄ ኳስ ባለበት ሁሉ አለች። ሁለት ቡድን ባለበት ከተማ ሻይ ቤቱም ጠጅ ቤቱም እሷኑ ሲያላምጥ ያመሻል። በአሜሪካ ደግሞ ጥያቄዋ መልስ አጥታ ከኖረችባቸው ሥፍራዎች አንዱ የኦሃዮና የሚሺጋን ግዛቶች አዋሳኝ ነው። በዚያ አካባቢ ሰው የሚከራከረው ስለ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል አሠልጣኞች ነው፤ ስለ ኦሃዮው ውዲ ሄይስና ስለ ሚሺጋኑ ቦ ሼምቤክለር። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ክርክሩ ግን አልሞተም።

ፉትቦል ስንል እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። የራስ ቁር ያጠለቁ ጎረምሶች ሞላላ ኳስ በእጃቸው ይዘው፣ በትከሻ እየተገፋፉ መሬት የሚቀማሙበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ይሁኑ እንጂ ተመልካቹ አንዳንዴ ከ100 ሺህ ይበልጣል። አሠልጣኙም በግዛቱ ከአገረ ገዥው ያላነሰ ስም አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሁለቱ ታሪክ የሚጀምረው ከመምህርና ከተማሪ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1913 የተወለደው ሄይስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ታሪክ ማንበብ የሚወድ፣ ቁጡ ሰው ነበር። በኦሃዮ በሚገኘው በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሲያሠለጥን ከልጆቹ አንዱ ቦ ነበር። ሄይስ በ1951 ወደ ኦሃዮ ስቴት ተሻገረ፤ ቦም ቆይቶ ከ1958 እስከ 1962 ረዳቱ ሆነ። ኳስ መወርወር ለአደጋ ያጋልጣል፤ ይዞ በጉልበት ጥቂት በጥቂት መግፋት ይሻላል የሚለውን የመምህሩን ትምህርት እስከ አጥንቱ ተማረ።

በ1968 ኦሃዮ ሚሺጋንን 50 ለ14 ቀጠቀጠው። ሄይስ በሰፊ ልዩነት እየመራም ሳለ ተጨማሪ ሁለት ነጥብ ለማግኘት ሞከረ። የወደቀን መርገጥ ነበር፤ ሚሺጋኖችም አልረሱትም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ቦን ቀጠሩት። ቦ የኦሃዮ ግጥሚያ ሲቃረብ በልምምድ ሜዳ ላይ የኦሃዮን ቡድን መስለው ለሚጫወቱት ተጠባባቂዎች 50 ቁጥር አለበሳቸው። ኅዳር 22 ቀን 1969 አን አርበር ላይ፣ 22 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው የመምህሩ ቡድን 24 ለ12 ተረታ። ሄይስም በበኩሉ ያንን ውጤት ምንጣፍ ላይ አጽፎ፣ ተጫዋቾቹ በየዕለቱ እንዲረግጡት መተላለፊያ ላይ አነጠፈው።

ከዚያ ጨዋታ ጀምሮ እስከ 1978 የተደረጉት ግጥሚያዎች «የአሥር ዓመቱ ጦርነት» ተባሉ። ቦ አምስቱን፣ ሄይስ አራቱን አሸነፉ፤ አንዱ አቻ ወጣ። በአሥሩም ዓመት የሊጋቸውን የ«ቢግ ቴን»ን ሻምፒዮንነት ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ወይም በጋራ ወስዶታል። ጨዋታው የሁለቱንም ልብ ጎድቷል፤ በአነጋገር ሳይሆን በእውነት። ቦ ገና በ40 ዓመቱ፣ በ1970 የሮዝ ቦውል ጨዋታ ዋዜማ፣ በልብ ሕመም ወደቀ። ሄይስም በ1974 ያው ደረሰበት።

እንግዲህ ሒሳብ እንያዝ። ሄይስ በኦሃዮ ስቴት 28 ዓመት ቆይቶ 205 ጊዜ አሸነፈ፤ 61 ጊዜ ተሸነፈ፤ 10 ጊዜ አቻ ወጣ። ቦ በሚሺጋን በ21 ዓመት 194 አሸንፎ፣ 48 ተሸንፎ፣ 5 አቻ ወጣ። በመቶኛ ካሰላነው ደቀ መዝሙሩ ይበልጣል። ሁለቱም ሊጋቸውን 13 ጊዜ አሸንፈዋል። ዩኒቨርሲቲው በሄይስ ዘመን አምስት የብሔራዊ ሻምፒዮንነት ማዕረግ ይቆጥራል፤ ቦ አንድም የለውም። በዚህ ደግሞ መምህሩ ይበልጣል።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። በእነዚያ አሥር የውድድር ዓመታት የ«ቢግ ቴን» ተወካይ ሆነው ካሊፎርኒያ ለሮዝ ቦውል የሄዱት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ አምስት አምስት ጊዜ። ከአሥሩ ያሸነፉት አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ሄይስ በ1974። ለምን? እርስ በርስ ለመጠባበቅ ሲሉ አንድ ዓይነት ቡድን ሠርተው ነበርና ነው። አንዱ ሌላውን በልቡ ያውቀዋል፤ ኳስ መወርወር የለመደ የሩቅ ቡድን ሲመጣባቸው ግን ይደናገራሉ። ባላጋራ ያጠነክራል ይባላል፤ እውነት ነው፤ አንድ ባላጋራ ብቻ ማየት ግን ዓይን ይጋርዳል።

ቦ ይህን የተረዳ ይመስላል። አንቶኒ ካርተር የተባለ ፈጣን ኳስ ተቀባይ ሲያገኝ መወርወሩን ፈቀደ፤ ጥር 1 ቀን 1981 ዋሽንግተንን 23 ለ6 ረትቶ የመጀመሪያውን ሮዝ ቦውል ወሰደ። ደቀ መዝሙር የሚበልጠው መምህሩን ሲረታ ሳይሆን ከመምህሩ የተማረውን መተው ሲችል ነው ብንል፣ እዚህ ላይ ፍርዱ ለቦ ነው።

ሄይስ ግን ያንን ቀን ከሜዳ ሆኖ አላየውም። ታኅሣሥ 29 ቀን 1978፣ በጌተር ቦውል ጨዋታ መጨረሻ ላይ የክሌምሰን ተጫዋች የኦሃዮን ኳስ ጠልፎ ከሄይስ አጠገብ ወጣ። የ65 ዓመቱ አሠልጣኝ ልጁን በቡጢ መታው። አገር በቴሌቪዥን አየ፤ በማግሥቱ ተባረረ። ሆስፒታል እየዞረ ሕሙማንን የሚጠይቀው፣ ተጫዋቾቹን ዲግሪያችሁን ያዙ እያለ የሚወተውተው ሰው ስሙ ከዚያች ቡጢ ጋር ተጣበቀ። በ1987 ሞተ።

ለብዙ ዘመን ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ሄይስ ራሱን መግዛት ያቃተው፣ ቦ ደግሞ ጨዋው ተብለው። ቦ በ2006 ሲሞት ሐዘኑ የግዛት ሐዘን ነበር። በግንቦት 2021 ግን ዩኒቨርሲቲው የቀጠረው የሕግ ድርጅት ያወጣው ሪፖርት ሌላ ገጽ ገለጠ። ሮበርት አንደርሰን የተባለ የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ከ1966 እስከ 2003 ድረስ ታካሚዎቹን፣ ስፖርተኞችን ጭምር፣ በወሲብ ሲያጠቃ ኖሯል። ከተጎዱት አንዳንዶቹ ለቦ ነግረነው ነበር አሉ። ከልጆቹ አንዱም እኔም በ1969 ነግሬዋለሁ ሲል በአደባባይ ተናገረ። ሌሎች የቤተሰቡ አባላት በበኩላቸው ቢያውቅ ኖሮ ዝም አይልም ነበር ብለው ተከራከሩ። ዩኒቨርሲቲው በጥር 2022 ከ1 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች 490 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ቦ ስለ ራሱ ሊመልስ አይችልም፤ ልንፈርድበትም አንቸኩል። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ይታየናል። የአንደኛው ጥፋት በካሜራ ፊት ተፈጸመና በአንድ ሌሊት ተቀጣ። በሌላኛው ላይ የቀረበው ክስ ደግሞ የዝምታ ነው፤ ለዝምታ ካሜራ የለውም፤ ለመሰማት ግማሽ ምዕት ዓመት ፈጀ። ያን ሁሉ ዓመት እኛ ተመልካቾች የምንቆጥረው ነጥብ ነበር።

ታዲያ ማን ይበልጣል? ከሜዳ ውስጥ የሆነውን መዝገቡ ይመልሳል፤ እንደያዙት ያጋድላል። አሠልጣኝ ግን የሰው ልጅ ተሰጥቶት የሚያሳድግ ሰው ነው። ልጁ በሩን አንኳኩቶ «ተበድያለሁ» ሲል ምን አደረገ የሚለው ጥያቄ የውጤት ሰሌዳ ላይ አይወጣም። በየከተማችን ልጆቻችንን ለአሠልጣኝ አደራ የምንሰጥ ሰዎች ስንት ዋንጫ አለው ብለን ከመጠየቃችን በፊት ይህቺን ብንጠይቅ ይበጀናል።